45 ቁጥር ባለ ታኮ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ጫማ አዳሽ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት መርካቶ፣ አጎቴ ዘንድ ነው፤ ያኔ እጄ የሚገባ የወንድ ጫማ ታኮው ከሁለት ጣት አይበልጥም ነበር። እዚህ ግን ኦክቶበር ሲገባ መደርደሪያዬ መልኩን ይቀይራል። ቀይ የሚያብረቀርቅ ቆዳ፣ የብር ቀለም፣ የነብር ዝንጉርጉር፤ ሁሉም ባለ ረጅም ታኮ፣ ሁሉም 44፣ 45፣ አንዳንዴም 47 ቁጥር። ባለቤቶቹ ወንዶች ናቸው። ሁሉም "ለማክሰኞ ይድረስልኝ" ይላሉ።

ማክሰኞ የሚሉት ከሃሎዊን በፊት ያለውን ነው። በዚያ ምሽት ዱፖንት ሰርክል አጠገብ ባለው 17ኛ መንገድ ላይ የባለ ታኮ ጫማ ሩጫ ይካሄዳል። የተጀመረው በ1986 ነው (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ጄአርስ ከሚባል መጠጥ ቤት የተነሱ ደንበኞች በታኮ ጫማ እየሮጡ አኒስ የሚባለው ምግብ ቤት ይደርሱና አንድ ጠጥተው ይመለሱ ነበር። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የመንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶ ያያል። ከሚሮጡት ብዙዎቹ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ወይም እንደ ሴት ለብሰው መድረክ ላይ የሚጫወቱ ወንዶች ናቸው። ሩጫው ራሱ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ሰው የሚመጣው ከሱ በፊት ያለውን ሽርሽር ለማየት ነው።

ለመጻፍ የተነሳሁት ግን ስለ ሯጮቹ አይደለም። እነሱ ድፍረት ሞልቷቸዋል። በጃንዋሪም በሜይም አንድ በአንድ የሚመጡ ሌሎች አሉ። ሱቁ ባዶ እስኪሆን ደጅ ቆመው ስልካቸውን ይነካካሉ፤ ከዚያ ገብተው ከረጢቱን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጡና ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። "የባለቤቴ ነው" የሚሉ አሉ። 45 ቁጥር የምትጫማ ባለቤት ልትኖር ትችላለች፤ እኔ አልከራከርም።

ከእነዚህ አንዱን ላስተዋውቃችሁ። ሃምሳን የተሻገረ፣ ጢሙን ያሳደገ፣ የልጆች አባት ነው፤ መተዳደሪያው የሒሳብ ሥራ። ታኮ ጫማ ለምን እንደሚወድ ጠይቄው አላውቅም። አንድ ቀን ራሱ "ተረከዜ ከፍ ሲል ጀርባዬ ይቀናል" አለኝ፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። አበሻ ወዳጆቼ ይህን ሳወራቸው "እሱማ..." ብለው ይጠቃቀሳሉ። ሰውየው ሚስቱን የሚወድ ባል ነው። ከደንበኞቼ መካከል ወንድ የሚወዱ አሉ፣ የሚደንሱ አሉ፣ እንደሱ ጫማውን ብቻ የወደዱ አሉ። ታኮው ይህን አይለይም። የሚለየው ኪሎ ነው።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ያመጣው ጫማ በኢንተርኔት ያዘዘው፣ 11 ሳንቲ ሜትር ቀጭን ታኮ ያለው ነበር። እሱ 95 ኪሎ ይመዝናል። ተረከዙ መሬት በነካ ቁጥር ያ ሁሉ ክብደት ለቅጽበት ከአውራ ጣት ጥፍር በማይበልጥ ቦታ ላይ ያርፋል። ቀጭን ታኮ በ1950ዎቹ የተስፋፋው ጫማ ሠሪዎች ውስጡ ብረት መክተት ስለቻሉ ነው፤ እንጨት ብቻውን በዚያ ቅጥነት አይችልም። መሃል እግር ሥር ደግሞ፣ ከሶሉ ውስጥ፣ ጫማው እንዳይታጠፍ የሚይዝ ጠፍጣፋ የብረት ምላስ አለ። የእሱ ጫማ ምላሱ ጎብጦ ታኮው ወደ ኋላ ሸሽቷል።

ሰውየው ግን የሚያወራኝ ስለ ሌላ ነገር ነው። "ቤት ውስጥ ብቻ ነው የማደርገው። ደጅ ልወጣ ስል እግሬ ይንቀጠቀጣል። ድፍረቱ የለኝም።" ጫማውን አንስቼ ባንኮኒው ላይ አቆምኩት። ብቻውን ተወዛወዘ። "የሚንቀጠቀጠው ይሄ ነው፣ አንተ አይደለህም" አልኩት።

በሙያዬ ያየሁት ይህንን ነው፤ ሌሎች ሌላ ሊሉ ይችላሉ። እንዲህ ተደብቀው የሚመጡት ወንዶች ሁሉ የሰው ዓይን ፈርተው ይመጣሉ። ዓይኑ የሚበረታው ግን የሚንገዳገድ ሰው ላይ ነው። ቀጥ ብሎ የሚሄድን ሰው፣ ምንም ያድርግ ምን፣ መንገደኛ አንዴ አይቶት ወደ ጉዳዩ ይመለሳል።

የኪሎውን ነገር በትልቁ ያየው አንድ እንግሊዛዊ ነው። ስቲቭ ፔትማን፣ ኖርዝሃምፕተንሻየር ውስጥ ኧርልስ ባርተን በምትባል መንደር፣ የቤተሰቡን የወንዶች ጫማ ፋብሪካ ይመራ ነበር። በ1990ዎቹ ገበያው ሲደርቅበት ከፎክስቶን ከተማ አንዲት ባለሱቅ ደውላ "በወንድ ቁጥር የሴት ጫማ ትሠራልኛለህ?" አለችው። ሠራ። ታሪኩ በ2005 ኪንኪ ቡትስ የተባለ ፊልም ወጣው፤ ቀጥሎም ብሮድዌይ ላይ ሙዚቃዊ ተውኔት ሆኖ በ2013 የቶኒ ሽልማት አሸነፈ፣ መሪ ተዋናዩ ቢሊ ፖርተርም ተሸለመበት። ተመልካች የሚያስታውሰው ዘፈኑንና ቀዩን ቦቲ ነው። እኔ የማልረሳው የሴት ታኮ በወንድ ክብደት ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው።

ከክብደቱ ሌላ ቁጥሩም አለ። አሜሪካ ውስጥ የሴት ጫማ ቁጥር ከወንዱ በአንድ ተኩል ገደማ ይበልጣል፤ 10 የሚያደርግ ወንድ የሴት 11 ተኩል ወይም 12 መፈለግ አለበት። ብዙ ሱቆች ግን 10 ወይም 11 ላይ ያቆማሉ። ወንዱ ያገኘው ጫማ ውስጥ እግሩን ይጠቀጥቃል። የወንድ እግር ደግሞ ፊቱ ሰፋ ይላል። ጣቶቹ የታፈኑበት ሰው እንዴት ተዝናንቶ ይሄዳል?

ስለዚህ ያንን ጫማ አላደስኩለትም። 5 ሳንቲ ሜትር፣ ወፍራም ታኮ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ማሰሪያ ያለው ፈልግ አልኩት። ከሁሉ በፊት ግን የካውቦይ ቡትስ ግዛ አልኩት። ሳቀ። የቴክሳስ ከብት ጠባቂ ቡትስ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ታኮ አለው፤ ያንን ያደረገ ሰውዬ ግን "ታኮ ጫማ አድርገሃል" ቢሉት ሊማታ ይችላል። ሰውነት የሚለምደው ቁመቱን ነው፤ ስሙ ምንም ይሁን። እሱም ክረምቱን ያለ ማንም አስተያየት በሱሪው ሥር ቡትስ አድርጎ ቢሮ ዋለ።

የቀረውን ያስተማሩት አንዲት የአገሬ ሴት ናቸው፤ ተያይተው ግን አያውቁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄ ብቅ የሚሉ እናት አሉ። አንድ ቀን ሰውየው ትቶት የሄደውን የመጀመሪያ ጫማ መደርደሪያ ላይ አይተው "አንተ ልጅ፣ ይሄን የምታክል ሴት ደግሞ ከየት መጣች?" አሉኝ።

"የወንድ ነው፣ እትዬ።"

አማተቡ። "በስመ አብ! ምን ዘመን ላይ ደረስን?" ትንሽ ዝም ብለው ግን አነሱትና ገለባበጡት። "ይሄማ ይጥለዋል። እኔ ለሠርጌ የተገዛልኝን ጫማ ወር ሙሉ ቤት ውስጥ ቡና እያፈላሁበት ነው የለመድኩት። ጎንበስ ቀና ስትል ነው እግር የሚማረው። ቀጥ ብሎ መሄድማ ማንም ይሄዳል። ንገረው።"

ነገርኩት። ማታ ማታ በታኮ ጫማ ዕቃ ማጠብ፣ ቤት መጥረግ ጀመረ። ሚስቱ በነገሩ ያልተደሰተች አይመስለኝም።

ሰውየው አዲስ ነገር የጀመረ ይመስለው ነበር። እኔ ግን ታኮ መጀመሪያ የወንድ፣ ያውም የወታደር እንደነበር አነበብኩ። የፋርስ ፈረሰኛ በሚጋልብ ፈረስ ላይ እርካብ ረግጦ ተነስቶ ፍላጻ ሲወረውር እግሩ እንዳይሾልክበት ታኮው እርካቡን ይይዝለታል። በ1599 ሻህ አባስ በቱርክ ላይ የሚያብርለት ወዳጅ ፍለጋ መልእክተኞቹን ወደ አውሮፓ ሰደደ፤ መኳንንቱም በፋርስ አለባበስ ተማረኩ። ሴቶቹ ታኮን የወረሱት ከወንዶቹ ነው። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ደግሞ ታኮውን ቀይ አስቀባ፤ ቤተ መንግሥት መግባት ያልተፈቀደለት ሰው ያንን ቀለም ማድረግ አይችልም ነበር። በ1701 ሪጎ የተባለ ሠዓሊ የሳለው የንጉሡ ሥዕል ፓሪስ፣ ሉቭር ውስጥ አለ፤ ንጉሡ ባቱን አሳይቶ በቀይ ታኮ ቆሟል። 18ኛው ክፍለ ዘመን ሲጋመስ ወንዶቹ ከታኮ ወረዱ። ቶሮንቶ ያለው የባታ ጫማ ሙዚየም በ2015 ይህንን ታሪክ ብቻ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ከፍቶ ነበር። የእኛ አገር ፈረሰኛ ታኮ ያላስፈለገው፣ መቼም የእኔ ግምት ነው፣ በባዶ እግሩ እየጋለበ ትንሿን እርካብ በአውራ ጣቱ ብቻ ቆንጥጦ ይይዝ ስለነበር ይሆናል።

አጎቴን በስልክ ይህን ሳጫውተው "እኛስ?" አለኝ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ የመጨረሻ ዓመታት የአዲስ አበባ ጎረምሳ አፍሮ አበጥሮ፣ ቤልቦተም ሱሪ ለብሶ፣ ሶሉ እንደ ጡብ የወፈረ ጫማ ላይ ቆሞ ፒያሳ ይወጣ ነበር። አጎቴም አንዱ ነበር። እናቱ ግን "ወንድ አይደለህም" አላሉትም፤ "ትወድቃለህ" ነው ያሉት።

ወደ ደንበኛዬ ልመለስ። በፀደይ ቡትሱን ትቶ ጥቁር፣ 7 ሳንቲ ሜትር ታኮ ያለው ጫማ ይዞ መጣ። ሰባት እንኳን ደህና ነው። የፈራው ድምፁን ነበር። የታኮ ጫፍ ላይ የምትመታው ትንሽ ክብ ነገር ከፋብሪካ ስትመጣ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ፕላስቲክ ናት፤ ጠጣር ወለል ላይ ቀጭ ቀጭ ትላለች። ሰው ዞር የሚለው መጀመሪያ በጆሮው ነው፤ ድምፁ ሴት ስትመጣ ያሰማዋል፣ ቀና ሲል ጢም ያያል፣ ደነገጠ ማለት ነው። ፕላስቲኳን ነቅዬ ለስላሳ ጎማ መታሁለት። የውስጥ ሶሉ ፊት ላይ ደግሞ፣ ክብደቱ ወደ ጣቶቹ እንዳይንሸራተት፣ ስስ ስፖንጅ ለጠፍኩ። በዶላር ከቆጠርነው ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

የመጀመሪያውን ቦታ የመረጠው ራሱ ነው፤ ብልህ ሰው ነው። የግንባታና የቤት ዕቃ የሚሸጥበት ሰፊ መደብር፣ በጠዋት። ወለሉ ልሙጥ ሲሚንቶ ነው፣ መተላለፊያው ሰፊ ነው፣ ከሁሉ በላይ የሚገፋ ጋሪ አለ። ጋሪው ምርኩዝ ሆነው። እርምጃውን አሳጥሮ፣ ተረከዙን አስቀድሞ፣ ዓይኑን ከጫማው ላይ አንስቶ ሄደ። አምፖል ገዛ። አንድ ሕፃን አየውና እናቱን ጎተተ፤ እናትየው ዋጋ እያነበበች ነበር። ገንዘብ የተቀበለችው ልጅ "በዚህ ቁጥር ከየት አገኘህ? ለወንድሜ እፈልግ ነበር" አለችው። ሁሉም ቀን እንዲህ አይደለም፤ ሌላ ጊዜ ከመኪና መስኮት ስድብ ተወርውሮለታል። "እግሬ ግን አልተንቀጠቀጠም" አለኝ፤ እሱ የቆጠረው ያንን ነው።

ሌላም ዓይነት ደንበኛ አለኝ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። በ2001 ፍራንክ ቤርድ የተባለ ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ የጀመረው፣ ወንዶች በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጾታዊ ጥቃት ለመቃወም በታኮ ጫማ አንድ ማይል የሚሄዱበት ሰልፍ አለ። ዓላማው መልካም ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ርካሽ ጫማ ያደርጋሉ፣ እየወደቁ ይሳሳቃሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ውኃ የቋጠረ እግር ይዘው ይመለሳሉ። የሴት ጫማ መሳቂያ ከሆነ ሴትየዋ ምን ተረፋት? እንዲያ የሚሉ ተቺዎች አሉ፤ እኔም ወደነሱ አደላለሁ። በ2019 ጃፓን ውስጥ ዩሚ ኢሺካዋ የተባለች ሴት መሥሪያ ቤቶች ሴቶችን ታኮ ጫማ እንዳያስገድዱ ዘመቻ ስትጀምር የተናገረችው ስለ ደማ እግር ነው። እሷ ላውልቅ ትላለች፣ የእኔ ሰውዬ ልጫማ ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ገዛ እግራቸው ነው።

እግሩን በተመለከተ አልደብቅም፤ ጉዳት አለው። በ2010 የታተመ ጥናት ዘወትር ታኮ በሚያደርጉ ሴቶች ላይ የባታቸው ጡንቻ አጥሮ፣ የተረከዝ ጅማታቸው ደድሮ አግኝቷል፤ ጫማውን አውልቀው ጠፍጣፋ ሲረግጡ የሚያማቸው ለዚህ ነው። የወንድ ጅማት የተለየ አይደለም። ስለዚህ በየቀኑ አታድርግ፣ ማታ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆመህ ተረከዝህን ወደ ታች ሳብ እለዋለሁ። ጉልበቱን የሚያመውን ወይም ቁርጭምጭሚቱ ከዚህ በፊት የዞረበትን ሰው ግን ባዶ እጁን እመልሳለሁ። አዲስ አበባ ያለ ወጣት ይህን አንብቦ ነገ ቦሌ ላይ ልሞክረው ቢለኝም አላደፋፍረውም፤ እዚያ የሚያሰጋው መውደቅ ብቻ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት የሒሳብ ሠራተኛው ጥቁሩን ጫማ መልሶ አመጣው። ድሮ የጫማው ጎማ በውጭ ጠርዙ ብቻ ይበላ ነበር፤ የሚንገዳገድ ሰው ጫማ እንዲያ ነው የሚያልቀው። አሁን ዙሪያውን እኩል አልቋል። አዲስ ጎማ ላወጣ መሳቢያውን ስስብ "እሱን አይደለም" አለኝ። "ፕላስቲኩን ምታልኝ። የሚጮኸውን።"

እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትትሃል አልኩት። ዝናብ ሲሆን ቡትስ አደርጋለሁ አለኝ። መታሁለት።