ስንዴያችንና ዋግ

በአርሲና በባሌ ደጋ ስንዴው አሽቶ ያየ መንገደኛ፥ ያ ሁሉ ማሳ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጭድ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል ቢሉት አያምንም። ነገሩ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ደጋግሞ የደረሰ ነውና፥ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ስለ ስንዴ ምርት ማደግ ስናወሳ ዋግንም አብረን ማንሣት ግድ ሆነብን።

እንደሚታወቀው የአርሲ ገበሬ ቀድሞ ይዘራ የነበረው ከአባቱ የወረሰውን ዘር ነው። ከአሰላ አጠገብ የቁሉምሳ ምርምር ጣቢያ ከተቋቋመ፥ በ1960 ዓ.ም. ገደማም በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን የተመረጠ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ይደርሰው ጀመር። ፍሬው ባንድ ጀንበር አልታየም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንኳ በአገሪቱ ከአንድ ሔክታር የሚገኘው ስንዴ በአማካይ 15 ኩንታል አይሞላም ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ግን ከ27 ኩንታል በላይ ሆነ።

ይሁን እንጂ መንገዱ ቀና ብቻ አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. ገደማ እንቆይ የተባለውን ዝርያ ግንድ ዋግ ፈጀው። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳን ቢጫ ዋግ መታው። ገበሬውም ቢጫ ዋግን ወደሚችለው ወደ ዲገሉ ፊቱን አዞረ፤ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ በ2006 ዓ.ም. ግንድ ዋግ በዲገሉ ላይ ተነሣ።

ምክንያቱ ምንድን ነው ያልን እንደሆነ፥ ዋግ በነፋስ የሚጓዝ ረቂቅ ሻጋታ ነው፤ ጠባዩንም በየጊዜው ይለውጣል። ዛሬ አንድ ዝርያ ቢቋቋመው፥ ነገ ያንኑ ዝርያ የሚያጠቃ ሌላ ዐይነት ይነሣል። ያን ጊዜ አገሩ በሙሉ አንድ ዘር ዘርቶ ከተገኘ በሩን ከፍቶ እንደ መጠበቅ ነው። ገበሬውን ግን አንወቅሰውም፤ ጎረቤቱን ያጠገበውን ዘር መዝራቱ ብልኅነት ነው። ጉዳቱም ከሁሉ በፊት የእርሱ ነው፤ ዋግ ማሳውን ቢበላ የማዳበሪያው ዕዳ አብሮ አይበላለትም።

ስለዚህ ባለ ምርምሮቻችን አንዱ ዘር ሳይደክም ተተኪውን ማዘጋጀት፥ ዘር የሚያባዙትም በጊዜው ማድረስ ይገባቸዋል። ገበሬውም መሬቱን ከፍሎ ሁለት ሦስት ዐይነት ዝርያ ቢዘራ፥ አንዱ ቢመታ ሌላው ይተርፍለታል። በቅጠሉ ላይ በመሥመር የተደረደረ ቢጫ ዱቄት፥ በአገዳውም ላይ እንደ ሸክላ የቀላ ቍስል ያየ እንደሆነ፥ ሳይውል ሳያድር ለግብርና ባለሙያ ይንገር፤ መድኃኒቱ የሚረዳው ቶሎ ሲረጭ ነውና። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ማለታቸው ለዚህም ይሆናል።

የምርት ማደግ የሚለካው በደጉ ዓመት በተቈጠረው ኩንታል ብቻ አይደለም፤ በክፉውም ዓመት በጎተራ በቀረው ነው።