ስለ ትንንሽ ንግድ ቤቶች መዝገብና በስልክ ስለ መገበያየት

ሒሳቡን የማይጽፍ ነጋዴ በጨለማ እንደሚዘራ ገበሬ ነው፤ ምን ያህል እንደ በተነ አያውቅም፥ የበቀለውንም ከእንክርዳዱ ለይቶ ለመቍጠር አይችልም። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለሊቃውንት ብቻ አይደለም፤ ለጤፍ ነጋዴው፥ ለወፍጮ ቤቱና ለወተት አከፋፋዩም የሚበጅ ምክር ነው። ዛሬ ይህ መዝገብ ከወረቀት ወደ ስልክ በመሸጋገር ላይ ይገኛል። አሠራሩም በሰፊው «ዲጂታል» ተብሎ ይጠራል፤ ትርጓሜውም ባጭሩ ጽሑፍን፥ ሥዕልንና ሒሳብን በቍጥር ለውጦ በመሣሪያ ውስጥ ማኖር፥ በሽቦ ወይም በአየር ሞገድም ከስፍራ ወደ ስፍራ ማስተላለፍ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ይህን ነገር የመሣሪያ ጉዳይ አድርጎ ይመለከተዋል። ዳሩ ግን ስልኩ እንደ ብርዕና እንደ ቀለም ነው፤ ዋናው ሀብት የሚጻፈው መዝገብ ነው። መዝገቡም ለባለቤቱ ሀብት የሚሆንለት በሹም ፊት የታመነ ሲሆንና ባለቤቱም ያለ ፍርሃት ሊያሳየው ሲችል ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የነጋዴ ብቻ ሳይሆን የአስተዳዳሪዎች፥ የወረዳ ሹማምንትና የመሬት ባለ ይዞታዎችም ጉዳይ ነው።

ከለገሃር የሚገኝ ትምህርት

ይህን ለመረዳት በአዲስ አበባ መካከል ያለውን ለገሃርን መመልከት ይጠቅማል። ስሙ ራሱ የባቡር ጣቢያ ማለት ከሆነው የፈረንሳይ ቃል የመጣ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለባቡሩ መንገድ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፥ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀምሮ፥ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። እስከ ዛሬ ቆሞ የሚታየው የጣቢያው ሕንፃም በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ።

በሲራራ ነጋዴ ይጓዝ የነበረው ዕቃ በአብዛኛው በቃልና በዝምድና የሚታመን ነበር። ባቡሩ ግን የነጋዴውን ዘመድ አያውቅም፤ የሚያውቀው ወረቀቱን ነው። ቡናም ሆነ ቆዳ ከመጫኑ አስቀድሞ መመዘን፥ ክብደቱና የባለቤቱ ስም መጻፍ፥ ደረሰኝም ሊሰጥበት ይገባ ነበር። ስለዚህ ማንበብና መጻፍ የማያውቀው ነጋዴ እንኳ ጸሐፊ መፈለግ ግድ ይሆንበት ነበር። ዕቃውን ያጓጓዘው ብረቱ ቢሆንም፥ በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል መተማመንን ያጓጓዘው ወረቀቱ ነው።

የቀድሞው ባቡር አገልግሎቱን አቁሟል፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ጂቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሣው በከተማው ዳር ካለው ጣቢያ ነው። በለገሃር ግን ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የከተማው ቀላል ባቡር ያልፋል፤ የከተማ አውቶቡስም መናኸሪያ ስለ ሆነ በየቀኑ ብዙ ሕዝብ ይመላለስበታል። በዙሪያውም ምግብ ቤቶች፥ ቡና ቤቶችና ሱቆች ይገኛሉ።

እነዚህ ንግድ ቤቶች ትንንሽ ይሁኑ እንጂ የሚሸጡት የገጠርን ፍሬ ነው። እንጀራው የአድአ ወይም የጎጃም ጤፍ ነው፤ ሽሮው የባላገሩ ሽምብራና አተር ነው፤ ቡናው የከፋ ወይም የሲዳማ ነው። በለገሃር ያለ አንድ ምግብ ቤት ሒሳቡን ባለማወቁ ቢዘጋ፥ በወረዳ ያለው እህል ነጋዴ ዱቤው ይቀርበታል፥ ገበሬውም ማዳበሪያ ሊገዛበት ያሰበውን ገንዘብ ያጣል። የከተማው መዝገብ መበላሸት እስከ ጎተራ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው።

የአሠራሩ አኳኋን

ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን አገልግሎት የከፈተው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. ኤምፔሳን አስከተለ፤ ይህ ኤምፔሳ በኬንያ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራበትና በብዙ አገር የታወቀ ነው። ባንኮችም በበኩላቸው ደንበኞቻቸው በስልክ የሚገለገሉበትን መንገድ አዘጋጅተዋል፤ ኢትስዊች የተባለው የጋራ ድርጅትም ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ገንዘብ የሚሻገርበት ድልድይ ሆኖ ያገለግላል። ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የነዳጅ ክፍያ በዚሁ አሠራር ብቻ እንዲሆን ስለ ታዘዘ፥ በስልክ መክፈልን ንቆ የነበረው ሾፌር ሳይቀር ሊማረው ተገደደ።

አከፋፈሉም እንደሚከተለው ነው። ንግድ ቤቱ በስሙ ተመዝግቦ የነጋዴ መለያ ቍጥር ይቀበላል። ገዥው በስልኩ ይህን ቍጥርና የገንዘቡን ልክ ጽፎ የምሥጢር ቍጥሩን ባገባ ጊዜ፥ ገንዘቡ ከእርሱ ተቀንሶ ለሻጩ ይጨመራል፤ ለሁለቱም የማረጋገጫ መልእክት ይደርሳቸዋል። በመልእክቱ ውስጥ ቀኑና ሰዓቱ፥ የገንዘቡ ልክና የክፍያው ቍጥር ተጽፎ ይገኛል። ለዚህም ውድ ስልክ የግድ አያስፈልግም፤ ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክ እንኳ *127# በመደወል በቴሌብር መገልገል ይቻላል።

ስልኩ የማይጽፈው ሒሳብ

ነገር ግን ስልኩ የሚጽፈው በእርሱ በኩል ያለፈውን ገንዘብ ብቻ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ ከወረዳ 10 ኩንታል ጤፍ ገዝቶ ወደ ከተማ ቢያመጣና በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ 300 ብር ጨምሮ ቢሸጥ፥ 3,000 ብር አተረፍሁ ይላል። ለመኪና ጭነት 900 ብር፥ ለጫኝና ለአውራጅ 400 ብር፥ ለመጋዘን ኪራይና ለጥበቃ 700 ብር በእጁ ከፍሎ እንደ ሆነ ግን የቀረው 1,000 ብር ብቻ ነው። ከ10ሩ ኩንታል 2ቱን በዱቤ ሰጥቶ ዋጋው ሳይመለስለት ቢቀር ደግሞ ትርፉ ሁሉ ጠፍቶ ከዋናው ገንዘብ ይጐድልበታል። ይህ ቍጥር ለማስረዳት የተቀመጠ ቢሆንም፥ ብዙ ሱቅ የሚዘጋው በዚህ ዓይነት ስሕተት ነው።

ስለዚህ ባለ ንግዱ ከስልኩ ጋራ ሦስት ነገር የሚጽፍበት ደብተር ይያዝ፤ ይኸውም የገባው፥ የወጣውና በዱቤ የተሰጠው ነው። የቤቱንም ወጪ ከሱቁ ወጪ ይለይ። በሳምንት አንድ ቀን በመጋዘን ያለውን ዕቃ ቈጥሮ ከደብተሩ ጋራ ያስተያይ። ይህን ልማድ ያላደረገ ሰው እጅግ የረቀቀ መሣሪያ ቢገዛ የሚያገኘው ስሕተቱን በፍጥነት መሥራት ብቻ ነው።

መዝገብ ለብድር ስለሚሰጠው ጥቅም

ትንሽ ነጋዴ ብድር ፈልጎ ወደ ባንክ በሄደ ጊዜ በልማድ የሚጠየቀው ቤት ወይም መኪና ነው። ሁለቱም የሌለው ሰው ሥራው የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን ወደ አራጣ አበዳሪ ይመለሳል። በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋራ ሆኖ በስልክ የሚሰጥ ብድርና ቍጠባ ጀመረ፤ በዚህም ብድር የሚመዘነው ተበዳሪው በስልኩ ሲገበያይ የቆየበት ታሪክ ነው። ትናንት የጻፈው ሒሳብ ለዛሬ ዋስ ይሆነዋል ማለት ነው።

ሕጉም በዚሁ መንገድ ተራምዷል። አዋጅ ቍጥር 1147/2011 ከብት፥ ሰብልና የሥራ መሣሪያን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ባለ ምርቱ እህሉንና ቡናውን አስመዝኖ፥ ደረጃውንም አስመርምሮ በመጋዘን ሲያስገባ ደረሰኝ እንዲቀበል አድርጓል። ሁሉም የቆመው በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ እርሱም ሌላ ሰው ሊያምነው የሚችል ጽሑፍ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች

በመጀመሪያ፥ አታላዮች ሐሰተኛ የክፍያ መልእክት በስልካቸው እያሳዩ ዕቃ ይዘው ይሄዳሉ። ሻጩ ማመን የሚገባው በገዥው ስልክ ላይ የታየውን ሳይሆን በራሱ ስልክ የደረሰውን ነው። የምሥጢር ቍጥሩንም ለሠራተኛ ወይም ከባንክ ነኝ ብሎ ለሚደውል ሰው ከቶ መስጠት አይገባውም።

ሁለተኛ፥ መሣሪያውም ይሳሳታል። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአሠራር ጉድለት በደረሰ ጊዜ፥ ብዙ ሰዎች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ አውጥተዋል፤ ባንኩም አገልግሎቱን ለሰዓታት ለማቋረጥ ተገድዷል። ይሁን እንጂ ገንዘቡን ለማስመለስ የረዳው ማን ስንት እንደ ወሰደ በመዝገብ መገኘቱ ነው። መብራትና ኔትወርክም ስለሚጠፉ የወረቀቱ ደብተር ከነጭራሹ አይጣል።

ሦስተኛውና ትልቁ ችግር ፍርሃት ነው። ነጋዴው በስልኩ የገባው ገንዘብ ሁሉ እንደ ትርፍ ተቈጥሮ ግብር ይጣልብኛል ብሎ ይሠጋል። ስለዚህ ከፊሉን በስልክ፥ ከፊሉን በእጅ ይቀበላል፤ መዝገቡም ግማሹ እውነት፥ ግማሹ የተሰወረ ይሆንና ለባለቤቱም ለመንግሥትም የማይጠቅም ሆኖ ይቀራል።

የሹማምንት ድርሻ

ግብር መክፈል የማይታለፍ ግዴታ ነው። ነገር ግን ከላይ ወደ ተጠቀሰው ምሳሌ ቢመለሱ፥ በጤፍ ነጋዴው ስልክ የገባው የ10 ኩንታሉ ሙሉ ዋጋ ነው፥ ትርፉ ግን 1,000 ብር ብቻ ነበር። የገባውን ብቻ አይቶ የወጣውን ሳይመረምር የሚገምት ሹም የጻፈውን ሰው ቀጥቶ ያልጻፈውን መሸለሙ ነው። እንዲህ ያለው ፍርድ በአንድ ገበያ አንድ ጊዜ ከተሰማ፥ ጎረቤቱ ሁሉ ደብተሩን ይደብቃል፤ ብዙ ዘመን የተደከመበትም ትምህርት በአንድ ቀን ይፈርሳል። ስለዚህ ገማቹ ወጪውንና ዱቤውን ጨምሮ ይመርምር፤ የጻፈው ሰውም ከማይጽፈው ጎረቤቱ የባሰ ሸክም እንዳይደርስበት ይጠንቀቅ።

እንዲሁም ሁለት ሰዎች ስለ ክፍያ ተጣልተው ወደ ሹም በመጡ ጊዜ፥ በስልክ ያለ ማስረጃ ወረቀት አይደለም ተብሎ ሊጣል አይገባውም፤ አዋጅ ቍጥር 1205/2012 ማስረጃ በኤሌክትሮኒክ ስለ ሆነ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አያጣም ይላልና። በሌላ ወገን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ስለ ወጣ፥ የወረዳ ሠራተኛ ያለ ሕግ ፈቃድ የነጋዴውን ስልክ ተቀብሎ መልእክቱን ሊያገላብጥ አይገባም። መዝገቡ የሚታየው በሕግ በታዘዘው መጠን ብቻ ነው።

ከዚህም ሌላ ወረዳው ራሱ ምሳሌ ይሁን። የገበያ ኪራይንና የአገልግሎት ክፍያን በስልክ ተቀብሎ ወዲያው ደረሰኝ ቢሰጥ፥ ሕዝቡ መዝገብ የድሀ ጠላት አለመሆኑን በዓይኑ ያያል፤ የገንዘብ ተቀባዩም እጅ ከሐሜት ይድናል። በገበያ ቀንም የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኞችንና የተማሩ ወጣቶችን በአንድ ስፍራ አስቀምጦ፥ ባለ ሱቁ የዱቤ ደብተር እንዴት እንደሚይዝ፥ ሐሰተኛ መልእክትንም እንዴት እንደሚለይ ማሳየት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። መሬታቸውን አልምተው ምርታቸውን ለከተማ የሚልኩ ባለ ይዞታዎችም ዋጋውን በጽሑፍ ቢቀበሉ፥ ለልጆቻቸው የሚያወርሱት ከክርክር የጸዳ ሒሳብ ይሆናል።

ስልክ መግዛት ለነጋዴው ቀላል ነው፤ ሳይፈራ እንዲጽፍ ማድረግ ግን የሹሙ ሥራ ነው። በወረዳው መዝገብ ያላቸው ንግድ ቤቶች እንዲበዙ የሚወድ ሹም፥ አስቀድሞ በወረዳው መዝገብ በማሳየቱ የተጐዳ ነጋዴ አለመኖሩን ይመርምር።