ሳይክሎትሮን ምንድን ነው? ለሕመምተኛስ ምን ይጠቅማል?

ስለ ኒውክለር ፊዚክስ ስናስተምር ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ አለ፦ «ራዲዮአክቲቭ ነገር ጎጂ ነው ካላችሁን፣ ሐኪም ለምን ለሰው ይወጋዋል?» መልሱ ሳይክሎትሮን ከሚባለው ማሽን ይጀምራል።

ሳይክሎትሮንን የፈለሰፈው አሜሪካዊው ኧርነስት ሎውረንስ ነው። የመጀመሪያው በ1931 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ስፋቱ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም ነበር። በ1939 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል።

አሠራሩ ዥዋዥዌ እንደ መግፋት ነው። ልጁን በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ብንገፋው ከፍ እያለ ይሄዳል። እዚህም ትልቅ ማግኔት ፕሮቶኖችን ያዞራቸዋል፤ በየግማሽ ዙሩ ደግሞ አቅጣጫውን የሚቀያይር ቮልቴጅ ይገፋቸዋል። ፍጥነታቸው ሲጨምር ክባቸው እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ ዒላማውን ይመታሉ።

ዒላማው ብዙ ጊዜ ኦክስጅን-18 የበዛበት ውኃ ነው። ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ እንጻፈው፦ 8 ፕሮቶንና 10 ኒውትሮን ያለው ኦክስጅን አንድ ፕሮቶን ተቀብሎ አንድ ኒውትሮን ይለቃል። 9 ፕሮቶንና 9 ኒውትሮን ሆነ ማለት ነው፤ ይህ ፍሎሪን-18 ይባላል። ግሉኮስ ከሚመስል ስኳር ጋር ተያይዞ በመርፌ ይሰጣል። ብዙ የካንሰር ዓይነቶች ስኳር አብዝተው ስለሚወስዱ እዚያ ይከማቻል፤ ጨረሩንም ፔት የተባለው መሣሪያ ተቀብሎ ዕጢው የት እንዳለ ያሳያል።

ጉዳቱስ? መጠኑ ትንሽ ነው፣ ቶሎም ይጠፋል። ግማሽ ዕድሜው 110 ደቂቃ ነው። ይህ 10 ጊዜ ሲደጋገም፣ ማለትም ከ18 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይቀርም። ሐኪሙም የሚያዘው ጥቅሙ ከጉዳቱ ሲበልጥ ብቻ ነው።

ታዲያ ይኸው ደግ ጠባዩ ለኛ ችግር ነው። ናይሮቢ ያለው የአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይክሎትሮን አለው። ካኩማ ግን ከ700 ኪ.ሜ. በላይ ይርቃል፤ በመኪና ቢላክ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ታማሚው ራሱ ወደ መድኃኒቱ መሄድ አለበት። ይህ ደግሞ የሪፈራል ወረቀትና የጉዞ ፈቃድ ይጠይቃል። ወረቀቱ አንድ ቀን ቢዘገይ ለቀጠሮው የተዘጋጀው መድኃኒት ለነገ አይቀመጥም። ጎረቤታችን ወይም ዘመዳችን እንዲህ ያለ ቀጠሮ ቢሰጠው፣ ቀኑ ለምን እንደማይገፋ አስቀድመን ለሚመለከተው ሁሉ እናስረዳለት።

ለመምህራን፦ ጠዋት 2 ሰዓት የተዘጋጀ ፍሎሪን-18 ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ስንት እጁ ይቀራል? መልሱ አንድ ስምንተኛ ነው፤ እንዴት እንደተገኘ ግን ተማሪዎቹ ያስረዱ።