የላላ የካሜራ ክዳን

ከጣርማ በር ብርድ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ሙቀቱንና አቧራውን አስቀድሞ ያስባል። የቆየ የፊልም ካሜራ የያዘ እንደሆነ ግን የሌንሱንም ክዳን ይመርምር፤ የላላ ክዳን በመንገድ ወድቆ ይቀራልና።

ብዙዎች ክዳኑን በፒንሳ መጭመቅ ይቀናቸዋል፤ ይህ ክብነቱን ማጥፋት ነው እንጂ ማጥበቅ አይደለም። ተለጣፊ ፕላስተርም ለይፋት ቆላ አይበጅም፤ ሙጫው በሙቀት ላልቶ በሌንሱ አንገት ላይ ይቀራል። የሚሻለው ቀጭን የከፋይ ቁራጭ በክዳኑ ውስጠኛ ዙሪያ በጥቂት ሙጫ አጣብቆ ማሳደር ነው፤ ሙጫው ሳይደርቅ ወደ ሌንሱ አይቅረብ።

የብልጭታው መብራት በመቀመጫው ላይ ቢወዛወዝ፣ ስስ ወረቀት በእግሩ በአንድ ወገን ብቻ ይግባ። ወረቀቱ የኤሌክትሪኩን መገናኛ ከሸፈነ መብራቱ አይበራም። ስለዚህ ፊልሙ ሳይገባ ሁለት ሦስት ጊዜ መሞከር ይገባል፤ ሙሽሮቹ ከደጅ ሲገቡ መቀመጫ ለማስተካከል ጊዜ የለም።