ከደፉ እስከ መታጠቢያ ቤቱ

የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ብሎኮች አብዛኞቹ ከምድር በላይ አራት ፎቅ ያላቸውና ሊፍት የሌላቸው ናቸው። በዊልቸር ወይም በክራንች ለሚንቀሳቀስ ሰው እንግዲህ የሚታሰበው ምድር ቤቱ ነው። ይሁንና ምድር ቤት ዕጣ መድረሱና ቤቱ መግባት መቻሉ ለየቅል ናቸው።

ችግሩ ከበሩ ውጭ ይጀምራል። ጎርፍ እንዳይገባ ወለሉ ከግቢው ከፍ ስለሚል ሁለት ሦስት ደረጃ ይቀድመዋል። እዚያ ላይ ሲሚንቶ ደፍቶ አጭር መወጣጫ ማበጀት የተለመደ ነው፤ እንዲህ ያለው ግን ከኋላ የሚገፋ ሰው ይፈልጋል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት ልክ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ነው። ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ሦስት ደረጃዎች ስለዚህ 5.40 ሜትር ራምፕ ያስፈልጋቸዋል። ቦታው ከጠበበ ራምፑ ይታጠፋል እንጂ አያጥርም፤ መታጠፊያው ላይም ዊልቸር የሚያዞር 1.50 ሜትር ያህል ደልዳላ ቦታ ይተዋል። ለስላሳ ሴራሚክ ማልበስ ደግሞ ክረምት ላይ በእግሩ የሚሄደውንም ያንሸራትታል።

ራምፑ የሚያርፈው የጋራ መሬት ላይ ነው። የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ንብረቱን አስተዳደር ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ስለሰጠ፣ ግንበኛ ከመጥራት በፊት ጎረቤት ማስማማት ይመጣል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ምቹ መግቢያ እንዲኖር ያዘዘው ሕዝብ ለሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ነበር፤ ሰው ግን የሚያድረው ቤቱ ነው።

ውስጥ ሲገባ ከሁሉም የሚያስቸግረው መታጠቢያ ቤቱ ነው። በሩ ከሌሎቹ ጠበብ ተደርጎ ይሠራል፤ ለዊልቸር ደግሞ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር ወደ ውጭ እንዲከፈት ማዞር ብዙ ወጪ የለውም፤ ጥቅሙ ሰው ውስጥ ቢወድቅ ይታወቃል፣ በሩን አካሉ አይዘጋውምና። የድጋፍ ብረቱም ጥንቃቄ ይሻል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ስለሆነ በተራ ቡሎን የተያዘ ብረት የሰው ክብደት ሲያርፍበት ተነቅሎ ይመጣል። ግድግዳውን አልፎ በወዲያኛው በኩል በላሜራ የሚታሰር ያስፈልጋል።

የላይኞቹን ፎቆች ደረጃ በዚህ ዓይነት ጥገና ማቃለል አይቻልም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ለተፈላ ቡና ምድር ቤት ያለው ጎረቤት ቢጠራም አይደርስም። ሰርግም ለቅሶም የሚሰበሰብበት የጋራ መገልገያ ሕንፃ ግን ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው፤ ማኅበሩ ለአንድ ራምፕ የሚበቃ ገንዘብ ካለው ቅድሚያ የሚገባው ለእሱ ነው።