ቡናማው ይቆይ፣ አረንጓዴው ይታጠብ

አሜሪካ ውስጥ ቢራ በቤቱ የሚጠምቅ ሰው ከድስቱና ከእርሾው ቀጥሎ የሚሳሳለት ዕቃ የመዳብ ቱቦ ጥቅልል ነው። ቱቦው ሲዘረጋ አብዛኛውን ጊዜ 7.6 ወይም 15 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ውፍረቱ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሥራው ሲንተከተክ የቆየውን የብቅል ጭማቂ በፍጥነት ማብረድ ነው። ጥቅልሉ ድስቱ ውስጥ ይነከራል፣ በሆዱ የቧንቧ ውሃ ያልፍበታል፣ ውሃውም ሙቀቱን እየጠጣ በሌላው ጫፍ ይወጣል። ጭማቂው ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲወርድ እርሾ ይጨመርበታል። እስከዚያ ድረስ መዘግየት አያዋጣም፤ ለብ ያለ ጣፋጭ ፈሳሽ ለባክቴሪያ የተዘረጋ ማዕድ ነው።

ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በአውሮፓውያኑ ጥቅምት 1978 የፈረሙት ሕግ ቢራ በቤት መጥመቅን በፌዴራል ደረጃ ፈቀደ። ሁለት አዋቂዎች ያሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ያህል፣ ያለ ቀረጥ ለራሱ መጥመቅ ይችላል። ጠማቂዎቹ ለማቀዝቀዣ የመረጡት በየቧንቧ ዕቃ መደብሩ የሚገኘውን ለስላሳ የመዳብ ቱቦ ነበር። ምርጫው ትክክል ነበር። መዳብ ሙቀትን በማስተላለፍ ከአይዝጌ ብረት 25 ጊዜ ገደማ ይበልጣል፤ በዚያ ላይ በእጅ ይጠመዘዛል።

ችግሩ የሚጀምረው ቱቦው መልኩን ሲቀይር ነው። አዲስ መዳብ ቀላ ብሎ ያብረቀርቃል። ጥቂት ጊዜ ከተሠራበት በኋላ ይደበዝዝና ቡናማ ይሆናል። ብዙ ጀማሪ ይህን ሲያይ ዕቃው የተበላሸ ይመስለውና መፈግፈግ ይጀምራል። አያስፈልግም! ያ ቡናማ ሽፋን መዳቡ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የሠራው ስስ ልባስ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ብረት ከተጨማሪ መበላት ይከላከላል። ባሻሹት ቁጥር መዳቡ ሌላ ልባስ ለመሥራት ከገላው ይቆርሳል።

የሚገርመው ደግሞ ደብዝዞ የገባው ጥቅልል ከፈላው ጭማቂ ሲወጣ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ያበራል። የብቅል ጭማቂ በመጠኑ አሲድ ነው፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ5 ትንሽ ከፍ ይላል፣ የላይኛውንም ልባስ ያሟሟል። ታዲያ የሟሟው መዳብ የት ሄደ? በጣም ጥቂት መጠን ጭማቂው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን እርሾ ይወስደዋል፤ እርሾ በትንሹ መዳብ ለምግብነት ያስፈልገዋል። መዳብ የተበላሸ እንቁላል የሚሸቱትን የድኝ ውህዶችም ይይዛል። የስኮትላንድ ውስኪ አውጪዎች እስከ ዛሬ የመዳብ ማጣሪያቸውን ያልጣሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ብረቱ ከዓመት ዓመት እየሳሳ፣ እየታደሰና እየተተካ እንኳ ከእሱ አልተለዩም።

አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እርጥበት፣ አየርና የተረፈ ጭማቂ አንድ ላይ ሲቆዩ መዳቡ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይወጣል። ይህ ዝገት እንደ ቡናማው አጥብቆ የያዘ ልባስ አይደለም፤ በአሲድ በቀላሉ ይሟሟል፣ ወደ መጠጡም ይገባል። ብዙ መዳብ የጠጣ ሰው ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። ስለዚህ አረንጓዴ ያለበት ቱቦ ሳይጸዳ ድስት ውስጥ አይገባም።

ጽዳቱ ጉልበት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቶሎ መሥራትን ነው። ጥቅልሉ ከድስቱ እንደወጣ፣ የብቅሉ ስኳርና ቢራውን የሚያመርረው የሆፕስ አበባ ሳይደርቅበት፣ በሙቅ ውሃ ይለቀለቃል፣ በለስላሳ ስፖንጅ ይታበሳል። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይበቃል። አረንጓዴ ካለ ነጭ ኮምጣጤ በውሃ ቀጥኖ ይዘጋጃል፤ ቱቦው ለጥቂት ደቂቃ ይነከርና በብዙ ውሃ ይታጠባል። ኮምጣጤ ውስጥ ማሳደር ግን መድኃኒቱን በሽታ ማድረግ ነው። አሲድና አየር አብረው ሲያገኙት መዳቡ ራሱ መሟሟት ይጀምራል፤ ውሃው ወደ ሰማያዊ ሲያዘነብል ጊዜው እንዳለፈ ይታወቃል።

በረኪና ለመዳብ ጠላት ነው፤ ያጠቁረዋል፣ ይቦረቡረዋልም። ከኮምጣጤ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ ሁለቱ በአንድ ገንዳ መገናኘት የለባቸውም። አሞኒያ ያለበት ማጽጃም መዳብን ያሟሟል። የብረት ሽቦ መፈግፈጊያ ብናኙን ትቶ ይሄዳል፤ ብናኙ ይዝጋል፣ የቢራውንም ጣዕም ያበላሻል። ለጀርም መግደያ ተብሎም የተለየ ኬሚካል አያስፈልግም፤ ንጹሑ ጥቅልል ማፍላቱ ሊያበቃ 10 ወይም 15 ደቂቃ ሲቀረው ድስቱ ውስጥ ይገባል፣ የፈላው ጭማቂ ራሱ የቀረውን ይጨርሳል።

ጭማቂው በቱቦው ሆድ ውስጥ፣ ውሃው ደግሞ በውጭ የሚያልፍበት ሌላ ዓይነት ማቀዝቀዣ አለ። ይህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ውስጡ በዓይን አይታይምና። ሥራው ባለቀ ቅጽበት ሙቅ ውሃ ይለቀቅበታል፣ ከዚያም ውሃው እስኪያልቅ ተንጠፍጥፎ፣ ተነፍቶ ይደርቃል። በየትኛውም ዓይነት ላይ መጋጠሚያዎቹም መታየት አለባቸው። አሜሪካ ለመጠጥ ውሃ ቧንቧ እርሳስ ያለበት መበየጃን በ1986 ከልክላለች፤ ከዚያ በፊት የተበየደ አሮጌ ቱቦ ለጠመቃ አይታመንም። ውርጭ ባለበት አገር ደግሞ በቱቦው ውስጥ የቀረ ውሃ ሲረጋ መዳቡን ይሰነጥቀዋል።

የመዳብ ቦታው እስከ እርሾው ድረስ ነው። ባለቀለት ቢራ ውስጥ የሚገባ መዳብ ቢራው ከኦክስጅን ጋር የሚያደርገውን ውህደት ያፋጥናል፤ ጣዕሙም የራሰ ካርቶን ይመስላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያወጣው የምግብ ቤቶች ሞዴል ደንብ ፒኤቹ ከ6 በታች የሆነ ምግብ፣ እንደ ኮምጣጤ፣ የፍራፍሬ ጭማቂና ወይን ያለው፣ መዳብ እንዳይነካው ይከለክላል። የቢራ ጠመቃን ብቻ፣ ያውም እርሾ ከመጨመሩ በፊትና በሚብላላበት ደረጃ፣ ከክልከላው ያወጣዋል።

ይህ ጥንቃቄ በዋሽንግተን ወይም በሌላ የአሜሪካ ከተማ ጠጅ የሚጥሉ ኢትዮጵያውያንንም ይመለከታል። አገር ቤት ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ የሸክላ ዕቃ አሲዱን ይችለዋል። ጠጅ እንደ ወይን ጎምዘዝ ያለ አሲድ መጠጥ ነውና ያማረ የመዳብ ማሰሮ ቢገኝም ለሳምንታት ሊብላላበትም ሆነ ሊቀመጥበት አይገባም። መስታወት፣ አይዝጌ ብረት ወይም ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ይሻለዋል።