ጉልበት በእንጀራና በትምህርት ሲከፈል

በ1971 እ.ኤ.አ. ሱ ኮፓርድ የተባሉ የለንደን ጸሐፊ የከተማ ሰው የገጠር ሥራ የሚለማመድበትን መንገድ አሰቡ። በዚያው ዓመት ጥቂት ፈቃደኞች በእንግሊዝ አገር ሳሴክስ በሚገኘው የኤመርሰን ኮሌጅ እርሻ ቅዳሜና እሑድን ሲሠሩ ሰነበቱ። «ዉፍ» በመባል የሚታወቀው ይኸው እንቅስቃሴ ዛሬ ከ100 በሚበልጡ አገሮች ተስፋፍቷል።

እነዚህ እርሻዎች የሚለሙት ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያና ያለ ፀረ አረም ኬሚካል ነው። አረሙ በእጅ ይነቀላል፤ ፍግና ገለባ ተደባልቆ ብስባሽ ይዘጋጃል። በመሆኑም ብዙ ክንድ ይፈልጋሉ። መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይሠራል። ባለ እርሻው ደግሞ ያበላዋል፣ ያሳድረዋል፣ ሙያውንም ያሳየዋል። ደመወዝ የለም።

ደቦና ወንፈል ለሚያውቅ ገበሬ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ግን አለ። የወንፈል ብድር በሌላ ቀን በጎረቤት ማሳ ይመለሳል። መንገደኛው ግን ነገ ይሄዳል። ብድሩ እዚያው በምግብ፣ በመኝታና በትምህርት ካልተከፈለ ሥራው የጉልበት ብዝበዛ ይሆናል። አንዳንድ መንግሥታትም ደመወዝ ባይኖረውም እንደ ሥራ ስለሚቆጥሩት፣ በጎብኚ ቪዛ የመጣውን ፈቃደኛ ከድንበር የሚመልሱበት ጊዜ አለ።

እንግሊዛዊ ይሁን የከተማ ተማሪ፣ ፈቃደኛ ሠራተኛ የሚቀበሉ የማኅበር መሪዎች የሥራውን ሰዓት፣ ማደሪያውንና የሚማረውን ሙያ ሞፈር ከመያዙ በፊት ሊነግሩት ይገባል።